ውጅግራና ምንሽር በአሜሪካ፦ ለመግዛት፣ ለመጠበቅና ለመተኮስ የሚረዳ መመሪያ

ከኢትዮጵያ የመሣሪያ ግምጃ ቤቶች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች ባለፉት ዓመታት ባሕር ተሻግረው አሜሪካ ገብተዋል። አያቶቻችን ያነገቧቸው ውጅግራ፣ ምንሽርና ቤልጅግ ዛሬ በጠመንጃ ሱቆችና በጨረታዎች ዋጋ ተለጥፎባቸው ይታያሉ። በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን አንዱን ገዝተው ለልጆቻቸው ማሳየት፣ ከተቻለም በኢላማ ሜዳ መተኮስ ይፈልጋሉ። የሚነሱት ጥያቄዎችም ተመሳሳይ ናቸው፦ ሕጉ ይፈቅድልኛል? የቱን ልግዛ? ዝገቱን እንዴት ላስለቅቅ? ተኩሼው ቢፈነዳብኝስ?

ይህ መመሪያ ለእነዚህ ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ይመልሳል። ከሁሉም በላይ ግን ሦስት ነገሮችን አጥብቀው እንዲይዙ እፈልጋለሁ፦ ሳይለዩ አይግዙ፣ ሳያስመረምሩ አይተኩሱ፣ የተጻፈበትን ምልክት አይፋቁ።

1ኛ፦ ከገንዘቡ በፊት ሕጉን ይወቁ

የአሜሪካ የፌደራል ሕግ አሮጌ ጠመንጃዎችን በዕድሜያቸው ይለያል። በ1898 (እ.ኤ.አ.) ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ጠመንጃ «አንቲክ» ይባላል፤ የፌደራሉ ሕግም እንደ ተራ የጦር መሣሪያ አይቆጥረውም። ስለዚህ በአብዛኛው ያለ ቅጽና ያለ ምርመራ ይሸጣል። ወሳኙ ነገር ማቀባበያው የሚንሸራተትበት ዋናው የብረት አካል የተሠራበት ዓመት ነው። ሻጩ «አንቲክ ነው» ቢልዎ ዓመቱ የታተመበትን ቦታ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ።

ከ1898 በኋላ የተሠራውን ጠመንጃ የሚገዙት ፈቃድ ካለው ነጋዴ ከሆነ 4473 የሚባለውን ቅጽ ሞልተው የኋላ ታሪክ ምርመራ ማለፍ አለብዎት። ዜግነት ባይኖርዎትም ግሪን ካርድ ካለዎት መግዛት ይችላሉ። በጊዜያዊ ቪዛ ያሉ ሰዎች ግን፣ ሕጉ ከዘረዘራቸው ጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር፣ መግዛትም መያዝም አይፈቀድላቸውም። ስለ ኢሚግሬሽን ሁኔታዎ ጥርጣሬ ካለዎት አስቀድመው ጠበቃ ያማክሩ። እዚህ ላይ የሚፈጸም ስህተት የመኖሪያ ፈቃድዎን ጭምር አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል።

ዕድሜያቸው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ጠመንጃዎችን ለመሰብሰብ ካሰቡ «03» የሚባል የሰብሳቢ ፈቃድ አለ። ክፍያው ለ3 ዓመት 30 ዶላር ነው፤ አመልካቹ 21 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ፈቃዱ ጠመንጃው በቀጥታ ቤትዎ ድረስ እንዲላክልዎ ያስችላል። በምላሹ የገዙትንና የሸጡትን በመዝገብ የማስፈር ግዴታ ይጥልብዎታል። ለማትረፍ መነገድ ግን አይፈቅድም።

በዚህ ደረጃ ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። የመጀመሪያው የፌደራሉን ሕግ ብቻ አይቶ የስቴቱን መዘንጋት ነው። ቨርጂኒያ የሚፈቅደውን ከወንዙ ማዶ ያለው ዋሽንግተን ዲሲ ላይፈቅድ ይችላል፤ ዲሲ የጦር መሣሪያን በፖሊስ ዘንድ ማስመዝገብ ያስገድዳል። ሁለተኛው በእኛ ዘንድ እንደ ውለታ የሚታይ ነገር ነው፦ «አንተ ወረቀት ከሌለህ እኔ በስሜ ልግዛልህ» ማለት። ቅጹ እውነተኛው ገዢ ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ለሌላ ሰው እየገዙ «ለራሴ ነው» ብሎ መፈረም በፌደራል ደረጃ ወንጀል ነው። ወንድምም፣ አብሮ አደግም፣ የክርስትና ልጅም ቢሆን አያድርጉት።

2ኛ፦ ምን እንደሚገዙ ለይተው ይወቁ

በአገር ቤት ምንሽር የሚለው ስም ለብዙ ዓይነት ጠመንጃ ይሰጣል። ጥይት የሚመረጠው ግን በስሙ ሳይሆን በርሜሉ በተሠራበት ልክ ነው። ከኢትዮጵያ ከመጡት መካከል ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙዎት አራቱ እነዚህ ናቸው።

*ውጅግራ።* የፈረንሳይ ግራ ሞዴል 1874 ነው። አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል፤ ልኩ 11 ሚሊ ሜትር ሲሆን የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው። የሥሪት ዓመቱ በርሜሉ ላይ ታትሞ ይገኛል። ዕድሜው «አንቲክ» ከሚባሉት ወገን ያደርገዋል። አንዳንዶቹ ኋላ ላይ በ8 ሚሊ ሜትር የለበል በርሜል ስለተለወጡ የአፉን ስፋት ሳይለኩ «11 ነው» ብለው አይደምድሙ።

*ቬተርሊ-ቪታሊ።* የጣሊያን ጦር ዓድዋ ላይ ይዞት የመጣው ይህንኑ ነው። የመጀመሪያው ልኩ 10.35 ሚሊ ሜትር ሲሆን እሱም ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጣሊያኖች ብዙዎቹን በርሜላቸው ውስጥ ቱቦ አስገብተው ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር ለውጠዋቸዋል። የተለወጠውን ጠመንጃ ይግዙት፣ ያሳዩት፣ ግን አይተኩሱት። ማቀባበያው የታሰበው ለጥቁር ባሩድ ዝቅተኛ ግፊት ስለሆነ የ6.5 ጥይትን ግፊት ደጋግሞ ሊሸከም አይችልም።

*ካርካኖ።* ከ1891 ጀምሮ የተሠራ የጣሊያን ጠመንጃ ነው፤ ልኩ 6.5×52 ነው። ስድስት ጥይት ከነማቀፊያ ቆርቆሮው ወደ ካዝናው ይገባል። ቆርቆሮው ከሌለ ካዝናው አይሠራም፤ ስለዚህ ሲገዙ ማቀፊያውንም አብረው ይፈልጉ። 1938 ሞዴል ከሆነ ልኩ 7.35 ሊሆን ስለሚችል በርሜሉና ማነጣጠሪያው አካባቢ የተጻፈውን ያንብቡ።

*ቤልጅግ።* የቤልጅየሙ ኤፍ ኤን ፋብሪካ የሠራው ማውዘር ነው፤ ልኩ 7.92×57 ነው። አንዳንዶቹ የይሁዳ አንበሳ ምልክት ታትሞባቸዋል። ከአራቱ ውስጥ ለመተኮስ ሲባል የሚገዛ ጠመንጃ ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያ ምርጫው ይህ ይሁን። አካሉ ጠንካራ ነው፤ ጥይቱም ዛሬም ይመረታል።

3ኛ፦ ሲገዙ እንዲህ ይመርምሩ

ይዘው የሚሄዱት ትንሽ የእጅ ባትሪ፣ ማጉያ መነጽር፣ ንጹሕ ጨርቅና ሻጩ የሚፈቅድልዎ ከሆነ የመወልወያ ዘንግ ነው። ጠመንጃውን ሲቀበሉ በመጀመሪያ ማቀባበያውን ስበው የጥይቱ መቀመጫና ካዝናው ባዶ መሆናቸውን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ። ሻጩ «ባዶ ነው» ማለቱ አይበቃም። ከዚያ እነዚህን በቅደም ተከተል ይዩ።

ሀ) *የበርሜሉ ውስጥ።* ማቀባበያውን አውጥተው ከኋላ በኩል ብርሃን ያስገቡ። የተጠማዘዙት መስመሮች ጠርዛቸው ጥርት ብሎ መታየት አለበት። መጥቆር ብቻውን ችግር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በመወልወል ይለቃል። ብረቱ በዝገት ተበልቶ ከተቦረቦረ ግን የሚመልሰው የለም። በርሜሉ ውስጥ እንደ ቀለበት የሚታይ ጥላ ካለ በርሜሉ በአንድ ወቅት አብጧል ማለት ነው፤ ይህ ለተኩስ አይሆንም።

ለ) *ቁጥሮቹ።* በአካሉና በማቀባበያው ላይ ያሉትን ቁጥሮች ያስተያዩ። በግምጃ ቤት ለዓመታት ተከምረው የቆዩ ጠመንጃዎች ማቀባበያቸው የሌላ ሆኖ ይገኛል። የማይገጥም ቁጥር ዋጋ ይቀንሳል፤ ከዚያ በላይ ግን በ6ኛው ደረጃ ላይ የምንነግርዎት ምርመራ እንደማይቀር ያመለክታል።

ሐ) *እንጨቱ።* ከማንገቻው ቀለበት እስከ ሰደፉ ጫፍ ድረስ በጣትዎ ይዳስሱት፤ ማቀባበያው በሚያርፍበት ቦታ ዙሪያ የተሰነጠቀ ካለ ያስተውሉ። ሰደፉ በጠፍር የታሰረ ወይም በሽቦ የተጠቀለለ ሊሆን ይችላል። ይህ ጉድለት መስሎዎት አያስፈቱት። ባለቤቱ አገር ቤት ያደረገለት ጥገና ነውና የጠመንጃው ማንነት አካል ነው። እንዲህ ያለውን ግን ለማሳያ እንጂ ለመተኮስ አይግዙት።

መ) *የአማርኛ ምልክቶች።* በእንጨቱም በብረቱም ላይ የግዕዝ ቁጥር፣ ፊደል ወይም ማኅተም ካለ በስልክዎ ከቅርብ ፎቶ ያንሱ። ሌላው ሰብሳቢ አይቶ የሚያልፈውን ጽሑፍ እርስዎ ማንበብ ስለሚችሉ ይህ ትልቁ ጥቅምዎ ነው።

4ኛ፦ ቤት እንደገባ ማረፊያውን ያዘጋጁ

ጠመንጃው ከመምጣቱ በፊት የሚቆለፍ ሣጥን ይኑርዎት። ጥይት ካለ በሌላ ቁልፍ፣ በሌላ ቦታ ይቀመጥ። ለጌጥ ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ከሆነ ማቀባበያውን አውጥተው ለብቻው ይቆልፉበት፤ ያኔ ልጅ ቢያወርደውም ሊተኩስ አይችልም። «አሮጌ ስለሆነ አይሠራም» ብሎ መዘናጋት ብዙ ቤት ሐዘን አስገብቷል።

ሣጥኑ ያለበት ክፍል እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ቢሆን መልካም ነው። እርጥበቱ ከበዛ ብረቱ ይዝጋል፤ ካነሰ እንጨቱ ይሰነጠቃል። በቆዳ አፎት ውስጥ አያቆዩት። ቆዳ ሲለፋ የገባበት ጨውና አሲድ እርጥበት እየሳበ ብረቱን ይበላዋል።

5ኛ፦ ያጽዱት እንጂ አያድሱት

ከኢትዮጵያ የመጡ ጠመንጃዎች ብዙዎቹ አቧራና የደረቀ ቅባት ተጋግሮባቸው ነው የሚደርሱት። ዓላማዎ የሚበላውን ዝገት ማቆምና ቆሻሻውን ማንሳት ነው። አዲስ ማስመሰል የእርስዎ ሥራ አይደለም።

የሚያስፈልግዎ የጠመንጃ ዘይት፣ ባለ 0000 የብረት ሱፍ፣ የጥጥ ጨርቅ፣ ለበርሜሉ ልክ የሆነ የነሐስ ብሩሽና ዘንግ፣ ለእንጨቱ ደግሞ የተልባ ዘይት ነው። ብረቱን ዘይት ቀብተው አንድ ሌሊት ያሳድሩት። በማግስቱ የብረት ሱፉን በዘይት ነክረው በቀስታ ይሹት። ቀይ ዝገት ይለቃል፤ ጥቁር ቡናማው ሽፋን ይቀራል። ይቅር፤ እሱ ብረቱን አይጎዳም፤ ሰብሳቢዎችም የሚፈልጉት እሱን ነው። ፊደልና ማኅተም ያለበት ቦታ ሲደርሱ የብረት ሱፉን ይተዉና በጨርቅና በዘይት ብቻ ይሥሩ።

እንጨቱን በውኃ አይዘፍዝፉት፤ በብርጭቆ ወረቀትም አይፋቁት። በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው፣ አድርቀው፣ የተልባ ዘይት በጣትዎ በስሱ ያሹት። የፈላ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨምድዶ ከተጣለ በራሱ ሙቀት እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ከቤት ውጭ ዘርግተው ያድርቁት።

በዚህ ደረጃ የሚፈጸመው ትልቁ ጥፋት ጠመንጃውን እስኪያብረቀርቅ በሚሽከረከር የሽቦ ብሩሽ መፈተግ ነው። በአሥር ደቂቃ ውስጥ የፋብሪካው ማኅተም፣ የሥሪት ዓመቱና የአማርኛው ቁጥር አብረው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ በእጅዎ የሚቀረው ማንነቱ የማይታወቅ አሮጌ ብረት ነው።

6ኛ፦ ሳያስመረምሩ አይተኩሱ

ጥይት ሲተኮስ ከፊትዎ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቆ ከፍተኛ ግፊት ይፈጠራል። ያንን ግፊት የሚይዘው ማቀባበያው ነው። ማቀባበያው ተቆልፎ ሳለ በእሱና በጥይቱ መቀመጫ መካከል ያለው ርቀት ከልክ በላይ ከሰፋ ቀለሁ ይተረተርና ትኩስ ጋዝ ወደ ተኳሹ ዓይን ይመለሳል። ይህንን በዓይን አይቶ ማወቅ አይቻልም። «ጎ» እና «ኖ-ጎ» በሚባሉ የብረት መለኪያዎች ይለካል። ማቀባበያው በ«ጎ» ላይ መቆለፍ፣ በ«ኖ-ጎ» ላይ እምቢ ማለት አለበት። ለእያንዳንዱ የጥይት ልክ የራሱ መለኪያ አለ።

ስለዚህ ፈቃድ ያለው የጠመንጃ ጠጋኝ ዘንድ ይውሰዱት፤ በወታደራዊ አሮጌ ጠመንጃ ልምድ ያለውን ይምረጡ። «እዩልኝ» ብቻ አይበሉ። ይህን ይጠይቁ፦ የጥይቱ መቀመጫ በትክክል የየትኛው ልክ ነው? በመለኪያው ሲለካ አለፈ? የማቀባበያው መቆለፊያ ጆሮዎች ስንጥቅ አላቸው? መጠበቂያው ይይዛል? ምላጩ ሳይነካ፣ ሰደፉ ሲመታ መርፌው ይለቃል? መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ጠጋኙ «አይተኮስ» ካለ ክርክር አያስፈልግም፤ ጠመንጃው ለማሳያ ይሆናል።

7ኛ፦ ጥይቱን በጥንቃቄ ይምረጡ

ለካርካኖና ለቤልጅግ አዲስ የፋብሪካ ጥይት ይግዙ። የሰርቢያው ፕርቪ ፓርቲዛን ሁለቱንም ያመርታል። የአሜሪካ ፋብሪካዎች የ7.92 ማውዘር ጥይትን ሆን ብለው በዝቅተኛ ግፊት ይሞሉታል። ምክንያቱም በርሜላቸው የጠበበ የ1888 ሞዴል ጠመንጃዎች ዛሬም በሰው እጅ አሉ። ለአሮጌ ቤልጅግ ይህ ለስላሳ ጥይት ተስማሚ ነው።

ለውጅግራና ላልተለወጠ ቬተርሊ ግን ከሱቅ መደርደሪያ የሚገኝ ጥይት የለም። በትእዛዝ ከሚሠሩ ባለሙያዎች በጥቁር ባሩድ የተሞላ ይገዛል። በእነዚህ በርሜሎች ውስጥ ጭስ አልባ ባሩድ ፈጽሞ አይግባ። ብረቱ ለዚያ አልተሠራም።

ከጠመንጃው ጋር የመጣ አሮጌ ጥይት ካለ አይተኩሱት። ባሩዱ ምን ያህል እንደተበላሸ አይታወቅም። አንዱ ይከሽፋል፤ ሌላው በግማሽ ተቀጣጥሎ አረሩን በርሜሉ ውስጥ ይተወዋል። ቀጣዩ ጥይት ሲመጣ በርሜሉ ይሰነጠቃል።

8ኛ፦ በተኩስ ሜዳ

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሄዱ ለሜዳው ተቆጣጣሪ የያዙት አሮጌ ጠመንጃ መሆኑን ይንገሩት። የዓይን መነጽርና የጆሮ መከላከያ አድርገው ይቅረቡ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ጥይቶች ጠመንጃውን በጠንካራ ማስደገፊያ ላይ አስረው፣ ምላጩን በረጅም ገመድ ከሩቅ ቢስቡ ይመረጣል። ሜዳው ይህን ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ቀለሁን አንስተው ያገላብጡት። ጤናማ ቀለህ ልሙጥ ነው። ከግርጌው ትንሽ ከፍ ብሎ የሚያብረቀርቅ ቀለበት፣ ስንጥቅ ወይም የተበሳ ማቀጣጠያ ካዩ ተኩሱን ያቁሙ፤ ጠመንጃው ወደ ጠጋኙ ይመለስ።

ምላጩን ስበው ጥይቱ ዝም ካለ ማቀባበያውን ወዲያው አይክፈቱ። አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳዞሩ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ ጥይት አለና። ድምፁ ደከም ያለ ተኩስ ከሰሙ ደግሞ ጠመንጃውን ባዶ አድርገው በርሜሉ ክፍት መሆኑን ሳያረጋግጡ አይቀጥሉ።

በ50 ሜትር ሲተኩሱ ከኢላማው በላይ ቢመቱ አይደንግጡ። የእነዚህ ጠመንጃዎች ዝቅተኛው ማነጣጠሪያ ለ200 ሜትርና ከዚያ በላይ የተሠራ ነው። ማነጣጠሪያውን በሞረድ ከመንካት ይልቅ ከኢላማው ግርጌ ያነጣጥሩ።

9ኛ፦ ከተኩስ በኋላ በዚያው ቀን ይወልውሉ

በጥቁር ባሩድ የተኮሰ በርሜል የሚያጸዳው ሙቅ ውኃና ሳሙና ነው። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ፣ በመጨረሻ በዘይት። በቆየ ወታደራዊ ጥይት የተተኮሰ በርሜልም እንዲሁ ይጸዳል። ማቀጣጠያው በርሜሉ ውስጥ የሚተወው ጨው በውኃ እንጂ በዘይት አይሟሟም። በዘይት ብቻ የተወለወለ በርሜል ላዩ ንጹሕ መስሎ ከሥሩ ይዝጋል። ዘንጉን በተቻለ መጠን ከኋላ በኩል ያስገቡ፤ ከአፈሙዝ የሚገባ ዘንግ ጠርዙን ይበላና ጠመንጃው ዒላማውን ይስታል።

10ኛ፦ መዝገብ ይክፈቱ፤ ወደ አገር ቤት ግን አይላኩት

ለእያንዳንዱ ጠመንጃ አንድ ገጽ ይስጡት፦ ዓይነቱ፣ ቁጥሩ፣ የሥሪት ዓመቱ፣ ከማን እንደተገዛ፣ ዋጋው፣ የአማርኛ ምልክቶቹ ከነፎቷቸው፣ የጠጋኙ የጽሑፍ መልስ። ጠመንጃው የቤተሰብ ትዝታ ካለው ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ጠይቀው ያስፍሩት። የማያውቁትን ግን አይሙሉበት። «ይህ ዓድዋ ላይ የዋለ ነው» የሚያስብል ማስረጃ ከሌለ እንዲያ ብለው አይጻፉ፤ አይሽጡበትም።

ለአባት ስጦታ ብሎ በሻንጣ ይዞ መሄድም የማይታሰብ ነው። የጦር መሣሪያ ከአሜሪካ ለማውጣት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ ማስገባትንና መያዝን ይከለክላል።

ውድ አንባቢ፣ ለጀማሪ የምመክረው ይህንን ነው፦ አንድ ያልተነካካ ውጅግራ ለማሳያ፣ አንድ የተመረመረ ቤልጅግ ለኢላማ። ሁለቱን በሚገባ ይዘው ዓመት ሲሞላዎት ሦስተኛውን ያስቡ። እነዚህ ጠመንጃዎች ከአገር ከወጡ በኋላ ማኅተማቸውን አንብቦ የሚመዘግብላቸው ሰው ጥቂት ነው። እርስዎ ግን ይችላሉ፤ ይሥሩት።